ገላጋዩ የተመታበት ምሽት፦ የከርሚት ዋሽንግተንና የሩዲ ቶምጃኖቪች ጉዳይ

ኅዳር 30 ቀን 1970 ዓ.ም. ዓርብ ማታ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ዲሴምበር 9 ቀን 1977 መሆኑ ነው፣ በሎስ አንጀለስ አጠገብ በምትገኘው የኢንግልውድ ከተማ፣ ፎረም በሚባለው አዳራሽ፣ በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ በኤን ቢ ኤ ውድድር፣ የሎስ አንጀለስ ሌከርስ የሂዩስተን ሮኬትስን በሜዳው ያስተናግድ ነበር። ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ዕረፍት አልቆ ሦስተኛው ሩብ ጨዋታ ከተጀመረ ብዙም አልቆየም፤ ውጤቱም 55 ለ 55 ነው። በዚህ ቅጽበት አንድ ቡጢ ተሰነዘረ፤ ቡጢው ያረፈው ግን ከተጣሉት ሰዎች በአንዱ ላይ ሳይሆን ጠቡን ሊያበርድ በሮጠ ሰው ፊት ላይ ነበር። ይህ ጽሑፍ ያንን ምሽት፣ ከምሽቱ በፊት የነበረውን ልማድና ከምሽቱ በኋላ የተከተለውን ቅጣት፣ ክስና ደንብ ይመረምራል።

የሌከርሱ ተጫዋች የወረወረው ኳስ ሳይገባ ሲቀር የሮኬትሱ ረጅም ሰው ኬቨን ከነርት ሪባውንዱን፣ ማለትም ሳይገባ የተመለሰውን ኳስ፣ ወስዶ ለጓደኛው ለጆን ሉካስ አቀበለ፤ ጨዋታውም ወደ ሌላኛው ቅርጫት ዞረ። ሜዳው ሁሉ ኳሱን ተከትሎ ሲሮጥ ከነርትና የሌከርሱ ከርሚት ዋሽንግተን እየተጓተቱ ወደ ኋላ ቀሩ። ማን እንደጀመረው እስከ ዛሬ ስምምነት የለም፤ ዋሽንግተን ከነርት በክርኑ እንደመታው ሲናገር ኖሯል፣ ከነርትም ይህን ሲክድ ኖሯል። የሌከርሱ ካሪም አብዱልጀባር፣ ሁለት ሜትር ከአሥራ ስምንት የሚረዝመው ሰው፣ መሀል ገብቶ ከነርትን ከኋላው ይዞ ሊያርቀው ሞከረ። ከነርት እንደተያዘ ዋሽንግተን በቡጢ ሲመታው ጉልበቱ ከዳው። ወደ ፊት ሮጦ የነበረው የሮኬትሱ አምበልና ኳስ አነጣጣሪ ሩዲ ቶምጃኖቪች ይህን ዘወር ብሎ አየና ሩጫውን ወደ ኋላ መለሰ። እጆቹን አላነሣም፤ ፊቱንም አልጋረደም። ዋሽንግተን አንድ የተቃራኒ ቡድን ሰው ከጎኑ እየበረረ ሲመጣበት አየና በቀኝ እጁ ዞሮ ሰነዘረ።

ሁለቱም ሰዎች ቁመታቸው ሁለት ሜትር ያልፋል። አንዱ በሙሉ ፍጥነት ወደ ፊት ይመጣል፣ ሌላው ሙሉ ክብደቱን አዙሮ ይሰነዝራል፤ የሁለቱ ኃይል የተገናኘው ከላይኛው ከንፈር ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። ካሪም ከዓመታት በኋላ ድምፁን ሲያስታውስ ሐብሐብ ሲሚንቶ ላይ ሲወድቅ ከሚሰማው ጋር አመሳስሎታል። ቶምጃኖቪች በጀርባው ወደቀ፤ ከፊቱ የፈሰሰው ደም በወለሉ ላይ ኩሬ ሠራ። ራሱን ሲያውቅ የመሰለው ከጣሪያ ላይ የተሰቀለው የውጤት ሰሌዳ እንደወደቀበት ነበር፤ ማን እንደመታው የነገረው የቡድኑ ወጌሻ ነው። በፎጣ ፊቱን ይዞ በእግሩ ከሜዳ ወጣ።

እዚህ ላይ «ገላጋይ» የሚለውን ቃላችንን ማንሣት ጉዳዩን ለመረዳት ይጠቅማል። በመንደር ጠብ ውስጥ ያደገ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ገላጋይ የተለየ ምልክት የለውም፤ እንደ ደባዳቢው ይሮጣል፣ እንደ ደባዳቢው እጁን ይሰዳል። ልዩነቱ ያለው በልቡ ውስጥ ነው፣ ልብን ደግሞ ጀርባውን ሰጥቶ በመደባደብ ላይ ያለ ሰው ሊያነብ አይችልም። በዚያ ምሽት ገላጋዮቹ ሁለት ነበሩ። አንደኛው ካሪም ነው፤ ያደረገው ነገር በቅን ልቡና ቢሆንም የአንዱን ወገን እጅ አስሮ ለሌላው ቡጢ ማጋለጥ ሆነ። ሁለተኛው ቶምጃኖቪች ነው፤ እርሱም በሌላው ዓይን ሲታይ የጠላት አጋዥ መሰለ። ይህን የምለው ዋሽንግተንን ነጻ ለማውጣት አይደለም፤ የመጣውን ሰው ማንነት ሳያረጋግጥ በሙሉ ኃይሉ መሰንዘሩ የእርሱ ጥፋት ነው፣ እርሱም ራሱ ይቅርታ ጠይቋል። ነገር ግን የኋለኛው ዘመን ደንብ ሁሉ የሚሽከረከረው በዚህች ጥያቄ ዙሪያ ስለሆነ ከመጀመሪያው መታየት አለባት።

የጉዳቱ ልክ የታወቀው ሆስፒታል ከገባ በኋላ ነው። መጀመሪያ የተባለው አፍንጫው ተሰብሯል የሚል ነበር። የፊትና የራስ ቀዶ ሕክምና ባለሙያው ዶክተር ፖል ቶፈል ግን ሲመረምረው የፊቱ አጥንቶች ከራስ ቅሉ ተላቀው አገኛቸው፤ የላይኛው መንጋጋው ከቦታው ስለተንቀሳቀሰ ጥርሶቹ አልገጥም አሉ። ቶምጃኖቪች በጉሮሮው የሚወርድ መራራ ነገር ይቀምስ ነበር። ያ ፈሳሽ ከራስ ቅሉ ውስጥ የሚያንጠባጥብ፣ አንጎልንና ሕብለ ሰረሰርን የሚከብ ፈሳሽ መሆኑን ሲሰማ ነገሩ ስለ ጨዋታ ሳይሆን ስለ ሕይወት መሆኑ ገባው። የማጅራት ገትር ስጋት ስለነበረ ክትትሉ ሌሊትና ቀን ሆነ። ታማሚው ግን መጀመሪያ የጠየቀው መቼ እንደሚጫወት ነበር፤ መልሱም በዚህ የውድድር ዓመት እንደማይጫወት ነው። ሐኪሙ በሥራው እንዲህ ያለ ጉዳት ያይ የነበረው በከባድ የመኪና አደጋ በተጎዱ ሰዎች ላይ ሲሆን፣ የፊቱን አጥንት መጠገንም የተሰባበረ የእንቁላል ቅርፊት መልሶ ከመለጠፍ ጋር አመሳስሎታል። ቶምጃኖቪች ተደጋጋሚ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት የቀረውን የውድድር ዓመት ሳይጫወት አሳለፈ።

የሊጉ ኮሚሽነር ላሪ ኦብራያን ዋሽንግተንን ቢያንስ ለ60 ቀናት ያለ ደመወዝ አገደው፣ 10 ሺህ ዶላርም ቀጣው። በእገዳው ምክንያት ያመለጡት ጨዋታዎች 26 ሲሆኑ፣ ይህም በሜዳ ላይ ለተፈጸመ ጠብ እስከዚያ ጊዜ ከተሰጠው ቅጣት ሁሉ የከበደ ነበር። እገዳው ሳያልቅ፣ ከቡጢው 18 ቀን በኋላ፣ ሌከርስ ወደ ቦስተን ሴልቲክስ አሳልፎ ሰጠው።

ቅጣቱ ይገባው ነበር ወይ የሚለውን ለመመዘን ሁለት ወር ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። ኦክቶበር 18 ቀን 1977፣ የውድድር ዓመቱ በተከፈተበት ምሽት በሚልዋኪ፣ ጨዋታው ተጀምሮ ሁለት ደቂቃ ያህል እንደሆነ ካሪም አብዱልጀባር በክርን ሆዱን የመታውን አዲስ ተጫዋች ኬንት ቤንሰንን ተከትሎ ፊቱን በቡጢ መታው። የካሪም የእጁ አጥንት ተሰበረና ለሃያ ጨዋታ ያህል ከሜዳ ራቀ። ሊጉ 5 ሺህ ዶላር ቀጣው፤ አላገደውም። ያ ቡጢ ታስቦበት፣ ፊት ለፊት፣ ሊጫወት እንጂ ሊደባደብ ባልተዘጋጀ ሰው ላይ የተሰነዘረ ነው። ሁለቱን ድርጊቶች በሐሳብ ክብደት ብንመዝናቸው የዋሽንግተኑ የከፋ መሆኑን አፍ ሞልቶ መናገር አይቻልም፤ የከፋው ውጤቱ ነው። እንደ እኔ እምነት ሊጉ የቀጣው ድርጊቱን ሳይሆን የተሰበረውን ፊት ነው። ቶምጃኖቪች ግማሽ እርምጃ ዘግይቶ ቢደርስ ኖሮ ጉዳዩ ከገንዘብ ቅጣት አያልፍም ነበር፣ ዛሬም ማንም አያስታውሰውም።

እንዲያውም ሊጉ በዚያ ዘመን ጠብን እንደ ሥራው አካል ይቆጥር ነበር። ብዙ ቡድኖች ኢንፎርሰር የሚሉት፣ በእኛ አነጋገር የኮከቡ ጋሻ ጃግሬ ልንለው የምንችለው ተጫዋች ነበራቸው። ተግባሩ ሪባውንድ መልቀምና ኮከቡን የሚጋፋውን ሰው እንዲያስብበት ማድረግ ነው። በ1977 የፍጻሜ ውድድር የፖርትላንዱ ሞሪስ ሉካስና የፊላደልፊያው ዳሪል ዳውኪንስ በሁለተኛው ጨዋታ ላይ ተደባድበው በገንዘብ ብቻ ተቀጥተዋል፤ ሉካስም በድብድቡ ይበልጥ ተከበረ እንጂ አልተነቀፈም። ዋሽንግተን ከሜዳ ውጭ ጭምት፣ በአሜሪካን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በአማካይ ሃያ ነጥብና ሃያ ሪባውንድ በጨዋታ ያስመዘገበ ትጉ ሰው ነበር። በሌከርስ ውስጥ የተሰጠው ቦታ ግን የካሪም ጋሻ ጃግሬነት ነው። በኖቬምበር 1976 ከአንድ የቡፋሎ ተጫዋች ጋር ተደባድቦ ነበር፤ ቡድኑም ይህን ያውቃል።

የዘር ነገርም አለ፣ ሳይነሣ ሊታለፍ አይገባም። ዋሽንግተን ጥቁር፣ ቶምጃኖቪች ነጭ ነው። አብዛኞቹ ተጫዋቾች ጥቁሮች፣ አብዛኛው ከፋይ ተመልካች ነጭ በነበረበት ሊግ ውስጥ ያ የምስል ቁራጭ በቴሌቪዥን ደጋግሞ ሲታይ፣ ከፊቱ የነበረው ግብግብ እየተቆረጠ ቡጢው ብቻ ሲቀር፣ አገሩ ያየው ሁለት ተጫዋቾችን ብቻ አልነበረም። ለዋሽንግተን የዘር ስድብና የዛቻ ደብዳቤ ጎረፈለት።

ወደ ፍርድ ቤቱ ስንመጣ፣ የዚህ ጉዳይ ሕጋዊ ክብደት ያለው ተከሳሹ ማን እንደሆነ ላይ ነው። ቶምጃኖቪች ዋሽንግተንን አልከሰሰም፤ የከሰሰው የሌከርስን ባለቤት ድርጅት ካሊፎርኒያ ስፖርትስን ነው። የክሱም ፍሬ ነገር ድርጅቱ ጠበኛነቱን የሚያውቀውን ተጫዋች አላረመም፣ አልተቆጣጠረም፣ ይልቁንም በዚያ ባሕርዩ ተጠቀመበት የሚል ነበር። በሌላ አነጋገር፣ ጋሻ ጃግሬ ያሰማራ ጌታ ጋሻ ጃግሬው ላፈሰሰው ደም ይጠየቅ ማለት ነው። በ1979 ሂዩስተን በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ነገሩን የሰማው ጁሪ፣ ከተራ ዜጎች የተውጣጣው የፈራጆች ቡድን፣ ለከሳሹ ፈረደለት። የተወሰነው ካሳ ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲሆን፣ የከሳሹ ጠበቆች ራሳቸው ከጠየቁት 2.6 ሚሊዮን ይበልጣል። ችሎቱ የተቀመጠው ቶምጃኖቪች በሚወደድበት ከተማ መሆኑን ብናስብም፣ ጁሪው ከተጠየቀው በላይ መስጠቱ በቡድኑ ላይ ምን ያህል እንደተቆጣ ያሳያል። ቡድኑ ይግባኝ ብሎ ነገሩ በመጨረሻ በስምምነት ስለተዘጋ የበላይ ፍርድ ቤት በጉዳዩ ላይ የጻፈው ብያኔ የለም።

ብያኔ የሚፈልግ ሰው ግን በዚያው ዓመት ከአሜሪካ እግር ኳስ ሊያገኝ ይችላል። በ1973 የዴንቨሩ ዴል ሃክባርት አንድ ጉልበቱን መሬት ላይ አድርጎ ጨዋታውን ሲመለከት ሳለ፣ የሲንሲናቲው ቡቢ ክላርክ በንዴት ከኋላ አንገቱን መታው፤ ሃክባርት የአንገት አጥንት ስብራት ደረሰበት። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ጨዋታው ራሱ ጠብ ስለሆነ ፍርድ ቤት የሚለየው ነገር የለም በሚል መንፈስ ክሱን ውድቅ አደረገው። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ግን በ1979 ይህን ሻረ፤ ሆን ብሎ መምታት በጨዋታው ደንብ ጭምር የተከለከለ እስከሆነ ድረስ ተጫዋቹ ሜዳ መግባቱ ብቻ መብቱን አያስቀረውም አለ። ሁለቱ ጉዳዮች ጎን ለጎን ሲነበቡ የቡድን ባለቤቶች ከዚያ በኋላ ጠብን የሚመለከቱት በሒሳብ ሠራተኛቸው ዓይን ጭምር የሆነው ለምን እንደሆነ ግልጽ ይሆናል።

ሊጉ በራሱ በኩል የወሰደው እርምጃ ደግሞ ዳኛ መጨመር ነበር። በ1977 አንድ ጨዋታ የሚመራው በሁለት ዳኞች ነው። ኳሱ ሲዞር አንደኛው ቀድሞ ወደ ቅርጫቱ መሮጥ አለበት፣ ሁለተኛው ደግሞ ከኋላ ሆኖ ሁሉንም ማየት ይጠበቅበታል፤ ሁለት ግዙፍ ሰዎች ሲያያዙም በመሀላቸው በጊዜ የሚደርስ ሰው አይኖርም። በ1978–79 የውድድር ዓመት ሦስተኛ ዳኛ ተሞከረ፤ ወጪው በዛ ተብሎ በዓመቱ ቀረ፤ በቋሚነት የተመለሰው በ1988–89 ነው። ሦስተኛው ዳኛ በጎ ፈቃደኛውን ገላጋይ ለመተካት የተቀጠረ ገላጋይ ነው ብንል አንሳሳትም። በበረዶ ሆኪ ይህ አስቀድሞ የገባቸው ይመስላል፤ እዚያ ሁለት ተጫዋቾች ሲደባደቡ የሚገቡት የመስመር ዳኞች ሲሆኑ፣ ከ1971 ጀምሮ ደግሞ በሌላ ሰው ጠብ ውስጥ ሦስተኛ ሆኖ የገባ ተጫዋች ከጨዋታው ይባረራል።

የቅርጫት ኳሱ ሊግ ወደዚህ ለመድረስ ሌላ ጠብ አስፈልጎታል። ማርች 1993 ኒው ዮርክ ኒክስና ፊኒክስ ሰንስ ሲጣሉ፣ በጉዳት ምክንያት ያልተሰለፈው የኒክሱ ግሬግ አንቶኒ በተራ ልብሱ ከወንበሩ ተነሥቶ ገብቶ ተደባደበ። ከዚያ ወዲያ ደንቡ ጠነከረ፦ ቡጢ የሰነዘረ ሁሉ ቢስትም እንኳ ይባረራል፣ ቢያንስ አንድ ጨዋታም ይታገዳል፤ በጠብ ጊዜ ከተቀያሪ ወንበር አካባቢ የራቀም ምንም ሳያደርግ ይታገዳል። ገላጋይ ነበርኩ የሚል መከላከያ በዚህ ደንብ ውስጥ ቦታ የለውም።

ዋጋውን የከፈሉ አሉ። በ1997 የማያሚው ፒ ጄ ብራውን የኒክሱን ቻርሊ ዋርድ አንሥቶ ሲወረውረው ከወንበራቸው የተነሡት የኒክስ ተጫዋቾች ታገዱ። ከነርሱ አንዱ ፓትሪክ ዩዊንግ ነበር፤ እርሱ ጠቡ ውስጥ አልገባም፣ ወደ ሜዳው መሀል ተራመደ እንጂ። በሁለቱ ቡድኖች ተከታታይ ጨዋታዎች 3 ለ 1 ይመራ የነበረው ኒክስ በመጨረሻ 4 ለ 3 ተሸንፎ ተሰናበተ። በ2007 ደግሞ የሳን አንቶኒዮው ሮበርት ሆሪ የፊኒክሱን ስቲቭ ናሽ ገፍቶ ከዳኞች ጠረጴዛ ጋር ሲያላትመው፣ የናሽ ጓደኞች አማሬ ስቱደማየርና ቦሪስ ዲያው ከወንበራቸው ጥቂት እርምጃ ራቁ፤ ማንንም አልነኩም። ሁለቱ ባልተሰለፉበት ቀጣይ ጨዋታ ፊኒክስ 88 ለ 85 ተሸነፈ። የፊኒክስ ደጋፊዎች ይህን ዛሬም እንደ ግፍ ይቆጥሩታል፤ ለአንድ ቡድን ግፍ መሆኑን እኔም አልክድም። ይሁን እንጂ ደንቡ ጅል አይደለም። ሯጩ ገላጋይ ይሁን አጋዥ በግማሽ ሰከንድ ውስጥ መለየት እንደማይቻል የቶምጃኖቪች ፊት አሳይቷል፤ መለየት ካልተቻለ ሩጫውን ራሱን መከልከል ይቀራል።

የኮሌጁ ስፖርት ሁኔታ ትንሽ ይለያል። ተጫዋቾቹ ወጣቶች ናቸው፣ በቀጣዩ ሳምንት ክፍል ይገባሉ፣ የሜዳው ወሰንም ከተመልካቹ ጋር የተጠጋጋ ነው። ጃንዋሪ 21 ቀን 2020 የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ የካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲን 81 ለ 60 አሸንፎ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል፣ የካንሳሱ ሲልቪዮ ዴ ሱሳ ኳስ እያነጠረ ሰዓቱን ሲገድል ተነጠቀ። ተናዶ ነጣቂውን አሳደደ፣ ውርወራውን አቋረጠበት፣ በወደቀበትም ከላዩ ቆመ። የሁለቱም ቡድን ተቀያሪዎች ከወንበር ወጡ፤ ጠቡ ከቅርጫቱ ጀርባ ለአካል ጉዳተኞች ወደተዘጋጀው መቀመጫ ፈሰሰ። ዴ ሱሳ በርጩማ አንሥቶ ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ ሳለ የቡድኑ ረዳት አሰልጣኝ ከእጁ አስጣለው። በበርጩማው ማንንም አልመታም፤ የታገደው ግን ለ12 ጨዋታ ነው። እዚህ ላይ የተቀጣው በርጩማው ሊያደርስ የሚችለው ነገር ነው። በ1977 ካየነው በውጤት ከመቅጣት ልማድ ጋር ሲነጻጸር ይህ ትልቅ ለውጥ ነው።

ቶምጃኖቪች በ1978–79 ወደ ሜዳ ተመልሶ በዚያው ዓመት ለኮከቦች ጨዋታ ተመረጠ፤ በ1981 ጫማውን ሰቀለ። ሮኬትስን በአሰልጣኝነት ይዞ የ1994 እና የ1995ን ዋንጫ ወሰደ፣ በ2000 የሲድኒ ኦሊምፒክ የአሜሪካን ቡድን ለወርቅ አበቃ፤ በ2004 ደግሞ ደም ያፈሰሰበትን ቡድን፣ ሌከርስን ራሱን፣ ለአጭር ጊዜ አሠለጠነ። ዋሽንግተን በ1980 በፖርትላንድ ማሊያ ለኮከቦች ጨዋታ ተመርጧል። መጫወት ካቆመ በኋላ በሊጉ ውስጥ የአሰልጣኝነት ሥራ ሲፈልግ በሩ ሲዘጋበት ምክንያቱ ያ ምሽት እንደሆነ ያምን ነበር።

ጠቡን የጀመሩት ሁለቱ ሰዎች ነገር ግን ከሁሉ ይበልጥ ይገርማል። በ1978 ክረምት ቡፋሎና ቦስተን ባደረጉት የባለቤትነትና የተጫዋቾች ልውውጥ ዋሽንግተንና ከነርት ከቡፋሎ ወደ ሳን ዲዬጎ ወደተዛወረው ቡድን አንድ ላይ ሄዱ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በቢል ዋልተን ምትክ ሁለቱም አንድ ላይ ወደ ፖርትላንድ ተላኩ። በዚያ ዓርብ ማታ የተያያዙት ሰዎች በአንድ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ጎን ለጎን ሆነው ጫማቸውን ሲያስሩ፣ ሊገላግላቸው የሮጠው ሰው ክስ ሂዩስተን ውስጥ ለጁሪው የሚቀርብበትን ቀን ይጠብቅ ነበር።